በቤት ውስጥ ችግር የሚነሣውን ቁጣ ማሸነፍ እንዴት ይቻላል?

ወለተ ሥላሴ (ጥያቄ)፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ ወንድሞችና እኅቶች። የምንኖረው አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም ላይ ነው። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ፣ አብዛኛውን ጊዜም ከእኩለ ሌሊት በኋላ በመሆኑ፣ ተነሥታ በርሜሉንና ጀሪካኖቹን የምትሞላው የቤት ሠራተኛችን ናት። በቅርቡ እንቅልፍ ጥሏት ውሃው መጥቶ ሳይቀዳ ሄደ፤ ጠዋት የልጆቹን ፊት የማጥብበት እንኳ ስላጣሁ እዚህ ልጽፈው የማይገባኝን ስድብ ሰደብኋት። በማግሥቱ ሻይ ስታቀርብለት የአምስት ዓመቱ ልጄ ያንኑ ቃል፣ በእኔው የድምፅ ቃና፣ ሲወረውርባት ሰማሁት። ይህ የሆነው ዐቢይ ጾምን እየጾምሁ፣ ኪዳንም እያደረስሁ ባለሁበት ጊዜ ነው። ቁጣዬን ለንስሐ አባቴ ከዚህ ቀደምም ተናዝዣለሁ፤ ነገር ግን ውሃ ሲጠፋ፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ መብራት ሲሄድ ተመልሶ ይመጣል። እንዲህ ያለው የቤት ውስጥ ችግር ወደ ኃጢአት የሚጥለኝ ብቻ ነው ወይስ ኃጢአትን የማሸንፍበት መንገድ ሊሆንልኝ ይችላል? ከሆነስ በተግባር እንዴት?

ገብረ መድኅን፦
እኅታችን፣ በግብፅ በረሃ ስለነበረ አንድ መነኩሴ አባቶች የሚተርኩት ለጥያቄዎ ቅርብ ነው። ይህ መነኩሴ በማኅበር ሲኖር ዘወትር ይቆጣ ስለነበር፣ የሚያስቆጡኝ ወንድሞች ናቸውና ብቻዬን ብሆን ከዚህ ኃጢአት ዐርፋለሁ ብሎ ለብቻው በኣት ያዘ። አንድ ቀን ማሰሮውን ውሃ ሞልቶ መሬት ላይ ቢያስቀምጠው ተደፋ፤ ዳግመኛ ሞላው፣ ተደፋ፤ ሦስተኛ ጊዜ በተደፋ ጊዜ አንሥቶ ሰበረው። ሲረጋጋ ግን ቁጣውን ይዞት እንደ መጣ ገባውና ወደ ወንድሞቹ ተመለሰ። የእርስዎም ቧንቧ መድረቁ ቁጣን አልፈጠረብዎትም፤ ውስጥ የነበረውን አወጣው እንጂ። ይህን የምለው ለመውቀስ አይደለም፤ ቁጣው የት እንደሚኖር ካወቁ የት እንደሚገጥሙትም ያውቃሉ። እግዚአብሔር ቃየንን «ኃጢአት በደጅ ታደባለች፤ ፈቃድዋም ወደ አንተ ነው፤ አንተ ግን በእርስዋ ንገሥባት» ያለው (ዘፍ. 4፥7) ፊቱ ከጠቆረ በኋላ፣ እጁ ግን በወንድሙ ላይ ገና ሳይነሣ ነው። እርስዎም የምታደባበትን ሰዓት አስቀድመው ያውቁታል፦ ውሃ ያልተቀዳበት ጠዋት፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲጾሙ ሰውነትዎ የሚዝልበት ቀትር። በርሜሉ ባዶ መሆኑን የሰሙ ጊዜ ወደ ማእድ ቤት ከመግባትዎ በፊት እዚያው መኝታ ክፍልዎ ውስጥ ቆመው ይጸልዩ። ኑዛዜዎም ከዚያ ሰዓት ጋር የተያያዘ ይሁን፤ «ቁጡ ነኝ» ብቻ ከማለት መቼ፣ በማን ላይ፣ ምን ቃል እንደ ተናገሩ ለአባትዎ ቢነግሯቸው የሚሰጡዎት ምክርና ቀኖና ለዚያው ቁስል የሚሆን ይሆናል።

እኅተ ሚካኤል፦
እኔን የረዳኝ «አቤቱ፥ ለአፌ ጠባቂ አኑር» የሚለው የመዝሙር 140 ቃል ነው። አጭር ስለሆነ በንዴት ሰዓትም አይጠፋኝም፤ በልቤ ደጋግሜው ስጨርስ ልናገር ካሰብሁት ግማሹ ባይነገር የሚሻል ሆኖ አገኘዋለሁ።

ወለተ ጊዮርጊስ፦
የተባለውን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ስለ ልጅቷ እስካሁን የተናገረ የለም። ቀን ስትሠራ ውላ ሌሊት ውሃ የምትጠብቅን ሰው እንቅልፍ ቢጥላት ምን ይደንቃል? በኢሳይያስ ምዕራፍ 58 በጾማቸው ቀን ሠራተኞቻቸውን ያስጨንቁ ስለነበር የተወቀሱት ሰዎች «ስለ ምን ጾምን፣ አንተም አልተመለከትህም?» እያሉ የሚጠይቁ ጾመኞች ነበሩ። ስለዚህ፣ እኅቴ፣ የእርሷን ድካም የአንቺ ትዕግሥት መለማመጃ ብቻ አድርገን ማየት አይገባንም ባይ ነኝ፤ ችግሩ ከቁጣው በፊት ሸክሙን ለእርሷ ብቻ በመተው ጀምሯል። አንዱን ሌሊት አንቺ፣ ሌላውን ባለቤትሽ ተነሡ፤ እርሷ በቀዳችበት ሌሊት ማግሥትም አርፍዳ ትነሣ። ጌታ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ብሏልና (ማቴ. 5፥23-24)፣ ወደ ንስሐ አባትሽ ከመሄድሽ በፊት ይቅርታ ጠይቂያት።

ወለተ ሥላሴ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመጨረሻው መልስ ከብዶኛል፤ እውነት ስለሆነ ግን ስለ ሌሊቱ ተራ ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን ተስማምተናል። አንድ ነገር ልጨምር፤ ይቅርታውን ለብቻዋ ልጠይቃት ወይስ ልጄ ባለበት? ልጁ እናቱን እንዳይንቅ የሚሉኝ አሉ።

ገብረ መድኅን፦
ስድቡን ሰምቶ የተማረ ልጅ ይቅርታውንም መስማት አለበት ብዬ አምናለሁ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ምእመናን ቤታቸውን ቤተ ክርስቲያን እንዲያደርጉ አጥብቆ ያስተምር ነበር፤ ልጆች እግዚአብሔር ይቅር ባይ መሆኑን ከመማራቸው በፊት ይቅርታ ሲጠየቅ የሚያዩት እቤታቸው ነው። እናቱን ይንቃል የሚለው ስጋት አይታየኝም። ይልቁንም የሚያሳስበኝ የልጅቷ ስሜት ነውና፣ በሰው ፊት ድንገት ቢሆንባት እንዳትሸማቀቅ አስቀድመው ለብቻዋ ያነጋግሯት፤ ከፈቀደች ልጁ ባለበት ስሟን ጠርተው ይድገሙት። እርሱም የተናገረውን ቃል ይቅርታ ይጠይቅበት፤ አፍሮ እምቢ ካለ ግን በዚያው ቀን አያስገድዱት።