አየር መንገዳችን የአውሮፕላን ዓይነት አብዝቷል?

አዘጋጅ፦ የዛሬው ክርክር ይኸው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለአገር ውስጥ በረራ ባለ ፕሮፔለሩን ኪው 400 ያበራል። ለመካከለኛ ርቀት ቦይንግ 737-800 እና 737 ማክስ 8 አለው። ለሩቁ 777፣ 787 ድሪምላይነር እና ኤርባስ ኤ350። የጭነቱ ለብቻው ነው። በየካቲት 2016 ደግሞ ፋብሪካው ገና ለማንም ያላስረከበውን 777-9 አዘዘ። ይህ ሁሉ ዓይነት ያስፈልጋል ወይስ ይቀነስ? ዓመተ ምሕረቱ በእኛ አቆጣጠር ይሁን። ስድብ የለም።

ቆጣቢው፦ ይቀነስ! እያንዳንዱ ዓይነት የራሱ መለዋወጫ፣ የራሱ ሲሙሌተር (አብራሪ መሬት ላይ የሚለማመድበት ማሽን)፣ በእሱ ላይ የሰለጠነ ሜካኒክ ይፈልጋል። ሞተሩን ብቻ እዩ። የኪው 400 ከፕራት ኤንድ ዊትኒ ነው፣ የኤ350 ከሮልስ ሮይስ፣ የትሪፕል ሰቨን (የ777) ከጂኢ። የአሜሪካው ሳውዝዌስት ከ700 በላይ አውሮፕላን አለው፣ ሁሉም 737። አንድ አብራሪ ቢታመም የትኛውም ባልደረባው ይተካዋል። እኛ ግን 787 እና ኤ350ን ጎን ለጎን እናቆማለን። ለኔ ቅንጦት ነው።

ሃንጋር፦ ወንድሜ ቆጣቢው፣ ሳውዝዌስት ጂንካ አያርፍም፣ ጓንጁም አይሄድም። ሥራዬ ጥገና ስለሆነ ትንሽ ላስረዝም።

መጀመሪያ ከፍታውን እንይ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። አየሩ ስስ ነው። ሞተሩ ጉልበት ያንሰዋል፣ ክንፉም የሚደገፍበት አየር ይቀንስበታል፣ ለመነሳት የሚፈልገው ማኮብኮቢያ ይረዝማል። ሙሉ ሰው፣ ሙሉ ጭነትና ሙሉ ነዳጅ ይዞ ከዚህ መነሳት ለብዙው አውሮፕላን አይሆንለትም። አንዱን ትተዋለህ። ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ሲቀዳ የኖረው፣ ሲመለስ ግን ቀጥታ የሚመጣው ለዚህ ነው። ስለዚህ አውሮፕላን የሚመረጠው ከካታሎግ ላይ ብቻ አይደለም። ሌላ ከተማ ላይ ትርፍ የሚያመጣው እኛ ጋ ወንበሩን ባዶ ይዞ ሊነሳ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ዓይነቱ ወረቀት ላይ እንጂ ሃንጋር (መጠገኛው) ውስጥ ያን ያህል አይደለም። ማታ ካርጎ በኩል ብታልፍ አበባ የሚጭነውን ትሪፕል ሰቨን ታየዋለህ። መስኮት የለውም፣ ጎኑ ላይ ትልቅ በር ተከፍቶ ጭነቱ በሮለር ላይ እየተገፋ ይገባል። ወደ 100 ቶን ይይዛል። ሞተሩ ግን መንገደኛ ከሚያጓጉዘው ትሪፕል ሰቨን ጋር ያው ጂኢ 90 ነው። መለዋወጫ ይዋዋሳሉ። ከ777 ወደ 787 የሚዛወር አብራሪም ከዜሮ አይጀምርም፣ ሁለቱ ስለሚቀራረቡ ስልጠናው አጭር ነው።

ቅንጦት ያልከው ላይ ግን አልስማማም። በ2005 ባትሪው አስቸግሮ 787 በዓለም ዙሪያ ከበረራ ሲታገድ፣ ቤቱ ውስጥ ያለው ድሪምላይነር ብቻ የሆነ አየር መንገድ ምን ይበላ ነበር? 777-9ም ስንቴ ተራዘመ? በ2008 ኤ350 የገባው ቦይንግ ቢያዘገይ የምንዞርበት ሌላ ሻጭ እንዲኖረን ጭምር ነው ባይ ነኝ። ዋጋ ሲደራደሩም ሁለት ሻጭ ያለው ይሻለዋል።

የዲሲው፦ ለካ ለዚህ ነው ስንሄድ እንቅልፍ ሲይዘን የሚያወርዱን! ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ የሚሠራው አዲሱ ኤርፖርትስ ይቀይረዋል?

ሃንጋር፦ ቦታው ከቦሌ ዝቅ ይላል። ይረዳል።

ሰላም፦ ሁላችሁም ስለ ወጪ ነው የምታወሩት። እኔ የቢሾፍቱ ልጅ ነኝ። መጋቢት 1 ቀን 2011 የአየር መንገዳችን በረራ 302፣ አውሮፕላኑ 737 ማክስ 8፣ ከቦሌ ተነስቶ በ6 ደቂቃ ውስጥ እኛ አካባቢ ወደቀ። 157 ሰው አለቀ።

ቆጣቢው፣ ያመሰገንከው የሳውዝዌስት ነገር ከዚህ ጋር ይገናኛል። ቦይንግ ማክስን ሲሸጥ «ያው 737 ነው፣ አብራሪዎቻችሁ ለሲሙሌተር ስልጠና አይደክሙም» እያለ ነበር። ሳውዝዌስትማ የሲሙሌተር ስልጠና ካስፈለገ በአንድ አውሮፕላን 1 ሚሊዮን ዶላር እንዲቀነስለት ተዋውሎ ነበር። ሞተሩ ግን ተቀይሯል፣ ትልቅ ሆኖ ወደ ፊት ወጥቷል። ልዩነቱን ለመሸፈን ኤምካስ የሚባል ሶፍትዌር ገባ። አፍንጫውን ወደ ታች የሚገፋው በአንድ ሴንሰር (መለኪያ መሣሪያ) ብቻ ተማምኖ ነው። መመሪያው ውስጥም ለአብራሪዎች አልተነገረም። በጥቅምት 2011 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ሌላ ማክስ ወድቆ 189 ሰው እስኪሞት ድረስ ስሙን የሚያውቅ አብራሪ ከየት ይመጣል? ሁለት የተለያየ አውሮፕላን አንድ ነው ተብሎ ሲቆጠር ወጪው ይቀንሳል። የከፈለው ግን ሌላ ሰው ነው።

ቆጣቢው፦ እህቴ፣ ነፍስ ይማር። ያልሽው እውነት ነው፣ አልከራከርሽም። ግን ማክስ ዛሬ ሁለቱንም ሴንሰር ያነባል፣ ሶፍትዌሩ ደጋግሞ አይገፋም፣ አብራሪውም ሲሙሌተር ላይ ይሠለጥንበታል። አየር መንገዱ ራሱ ለመመለስ ከመጨረሻዎቹ አንዱ እሆናለሁ ብሎ እስከ ጥር 2014 ጠብቋል። በ737-800 ብቻ እስከ መቼ? ማክስ ነዳጅ ይቆጥባል። በኅዳር 2016 እንደገና 20 ያዘዙት ለዚህ ይመስለኛል።

ሰላም፦ ይጠቀሙበት፣ አላልኩም አይጠቀሙ። ትኬት ስገዛ ግን በግልጽ ይነገረኝ። በመጨረሻ ሰዓት ከቀየሩትም ያለ ቅጣት ቀን ልቀይር።

ሃንጋር፦ ይህ ከባድ ነው ሰላሜ። አንዱ አውሮፕላን ሲበላሽ ያለው ነው የሚገባው፣ በየሰዓቱ ይቀያየራል። ለማወቅ ከሆነ ግን ወንበርሽ ፊት ያለው የደህንነት ካርድ ላይ ዓይነቱ ተጽፏል።

ሰላም፦ በሩ ከተዘጋ በኋላ ካርድ ባነብ ምን ይጠቅመኛል?