የአውሮፕላን ሞዴሌ ክንፍ ከሥሩ እየተነቀለ ነው፣ የማቀርበው ነገ ጠዋት ነው!

ቢኒ፦ እባካችሁ ቶሎ! ለትምህርት ቤት ኤግዚቢሽን የሠራሁት የመንገደኛ አውሮፕላን ሞዴል ክንፉ ከሆዱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ይነቀላል። ጫፉ ላይ አሸዋ በላስቲክ ሰቅዬ ጥንካሬውን ላሳይ ነበር። መልሼ ለጠፍኩት፣ ደግሞ እዛው ተነቀለ። የእውነተኛው ክንፍ ንቅንቅ የማይለው በምንድን ነው?

ጆሲ፦ ሱፐር ግሉ።

ታዬ፦ መጀመሪያ አሠራሩን እወቅ። የትልቅ አውሮፕላን ክንፍ ውስጡ ሳጥን ነው። ስፓር የሚባሉ ሁለት ዋና ተሸካሚዎች፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ፣ ከሥሩ ወደ ጫፉ ይሄዳሉ። በመሃላቸው ሪብ የሚባሉ አግዳሚዎች ተደርድረው ቅርጹን ይይዛሉ። ቆዳው ደግሞ ሽፋን ብቻ እንዳይመስልህ። ሲበር የላይኛው ይጨመቃል፣ የታችኛው ይለጠጣል፣ ትልቁን ጫና የሚሸከመውም እሱ ነው። እንዳይሸበሸብ ከውስጥ ስትሪንገር በሚባሉ ዘንጎች ይደገፋል። ነዳጁም ክንፍ ውስጥ ነው ያለው፤ አየሩ ክንፉን ወደ ላይ ሲገፋ የነዳጁ ክብደት ወደ ታች ስለሚስበው ሥሩ ላይ ያለው ጫና ይቀላል።

ኤዲ፦ ክንፉን አውልቀህ አውቶቡስ ነው በላቸው ሃሃ

ሶል፦ "ንቅንቅ የማይል" ያልከው ላይ አልስማማም። ይታጠፋል እንጂ! ቦይንግ 787 በ2010 እ.ኤ.አ. ሲፈተሽ ክንፉ ወደ 7.6 ሜትር ወደ ላይ ታጥፎ አልተሰበረም። ሕጉ በአገልግሎት ላይ ይገጥመዋል ከተባለው ከባዱ ጫና 1.5 እጥፉን ቢያንስ 3 ሰከንድ እንዲችል ነው። የ777ቱን በ1995 ሆን ብለው እስኪሰበር ገፉት፣ የተሰበረው የዚያ ከባዱ ጫና 154 በመቶ ላይ ነው። በአየር መንገዳችን 787 ከተሳፈርክ ሲነሳ በመስኮት እየው፣ ጫፉ ሽቅብ ይወጣል።

ጆሲ፦ ሱፐር ግሉ አልኩ እኮ። ሁለት ዙር ቀባው።

ማህሌት፦ ቢኒ፣ ሁለቱን ክንፎች ለየብቻ ነው ሆዱ ላይ የለጠፍካቸው?

ቢኒ፦ አዎ ለየብቻ። ፎም ነው።

ማህሌት፦ ችግሩ እሱ ነው። እውነተኛው አውሮፕላን ላይ ሳጥኑ በሆዱ ውስጥ አልፎ ግራና ቀኙን ያያይዛል። ሁለት ቀጫጭን የቀርከሃ እንጨት ከአንዱ ክንፍ ወደ ሌላው በሆዱ አሳልፍ፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ። አሸዋውን ጫፍ ላይ ብቻ አትስቀል፣ ክንፉ ላይ በሙሉ በትናንሹ አከፋፍለው፣ አየርም እንደዛ ነው የሚያነሳው። ደግሞ ሞዴሉን ገልብጠህ ስቀል፣ ያኔ አሸዋው ክንፉን አየሩ በሚገፋበት አቅጣጫ ይስበዋል። ሱፐር ግሉ ፎም ስለሚበላ ነጭ ኮላ ተጠቀም።

ቢኒ፦ ቀርከሃ አሁን ከየት ይመጣል?

ታዬ፦ የመጋረጃ ዘንግ፣ የመጥረጊያ እንጨት፣ ያገኘኸውን። ኮላውን ግን እስከ ጠዋት አትንካው።