ከኮሌጅ ተማሪ ጎረቤቶቼ ጋር ያለኝን ቅርበት እንዴት ልያዘው?

ጥያቄ (ጠያቂዋ መምህርት)
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህርት ነኝ፣ ዕድሜዬ 26 ነው። ፊት ለፊቴ ያለውን ቤት የኮሌጅ ተማሪዎች በጋራ ተከራይተውታል። ጨዋና ተጫዋች ልጆች ናቸው። ቅዳሜ ማታ ካርታ ሲጫወቱ በሬን አንኳኩተው ይጠሩኛል፤ ኳስ ሲኖርም አብረን እናያለን። ለሰፈሩ አዲስ ስለሆንኩ ከእነሱ ሌላ የማወራው ሰው የለኝም ብል ይቀላል።

ችግሩ የአንደኛዋ ታናሽ ወንድም 11ኛ ክፍል የማስተምረው ተማሪዬ ነው፤ አንዳንዴ እህቱን ሊጠይቅ ይመጣል። በዚያ ላይ ሰሞኑን ልደት ላይ የተነሳነውን ፎቶ ስሜን ታግ አድርገው ኢንስታግራም ላይ ለጠፉት። ከፊቴ የቢራ ጠርሙስ ተደርድሯል፤ እኔ ባልጠጣም ፎቶውን ያየ ሰው ይህን አያውቅም። ተማሪዎቼ ሲቀባበሉት እንደነበር የሥራ ባልደረባዬ ነገረችኝ። ጨርሼ ልራቃቸው? ወይስ መላ አለው?

መልስ (የባዮሎጂ መምህር)
እህቴ፣ መራቅ የለብሽም። ልጆቹ ለአካለ መጠን የደረሱ ናቸው፤ አታስተምሪያቸውም፣ ማርክም አትሰጪያቸውም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው የወንድምየው ነገር ነው። እሱ ሲመጣ ጨዋታው መሀል ላይ ቢሆንም እንኳ ሰላም ብለሽው ወደ ቤትሽ ግቢ። መጠጥ ካለማ አፍታም አትቆዪ። ልጁ ጥሩ ውጤት ባመጣ ቁጥር «ቲቸር እኮ የእህቱ ጓደኛ ናት» መባሉ አይቀርም፤ በላቡ ያገኘው ማርክ ይረክስበታል። ይሄ እኔን በጣም ያሳስበኛል። ስለዚህ ለምክትል ርዕሰ መምህሩ ቀድመሽ ንገሪያቸው። ወሬው ከወላጅ አፍ ከመጣ አቤቱታ ሆኖ ነው የሚደርሳቸው። ከተቻለ የእሱን የፈተና ወረቀት ሌላ የሒሳብ መምህር ደግሞ እንዲያይልሽ ጠይቂ።

መልስ (የአይሲቲ መምህርት)
ስለ ፎቶው ልጨምር። ታጉን ብታነሺውም ፎቶው ከለጠፈው ሰው ገጽ ላይ አይጠፋም። ስለዚህ እንዲያጠፉት በቀጥታ ለምኛቸው፤ ምክንያቱ ከገባቸው አያስቸግሩም። ከዚያ ኢንስታግራም ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ፣ ታግ የተደረግሽበት ፎቶ አንቺ ሳትፈቅጂ ገጽሽ ላይ እንዳይወጣ አድርጊ። ቴሌግራም ላይም ስልክ ቁጥርሽን ማንም እንዳያይ፣ ኮንታክትሽ ያልሆነ ሰውም ግሩፕ ውስጥ እንዳይጨምርሽ ማድረግ ይቻላል፤ ፕራይቬሲ በሚለው ስር ታገኚዋለሽ። ተማሪዎች የሚያገኙሽበትን አካውንት ከግል አካውንትሽ ለዪ።

መልስ (የመምህራን ኮሌጅ አሠልጣኝ)
እኔ ግን ትንሽ ራቅ ማለቱ ይሻላል ባይ ነኝ። ምን እንደሚያጠኑ ጠይቀሻቸዋል? ከመካከላቸው ለመምህርነት የሚሠለጥን ካለ ለተግባር ልምምድ አንቺ ትምህርት ቤት ሊመደብ ይችላል፤ ያኔ ገምጋሚው አንቺ ልትሆኚ ነው። ቅዳሜ ካርታ ያጫወተሽን ልጅ ሰኞ «የትምህርት ዕቅድህ ደካማ ነው» ማለት ቀላል አይደለም። ብቸኝነቱ ከሆነ የከበደሽ፣ በዕድሜም በሥራም የሚመስሉሽን ሰዎች ፈልጊ፤ ስፖርት ጀምሪ፣ ቋንቋ ተማሪ።

ጠያቂዋ
ሁላችሁም ተባረኩ። የሚያጠኑት አካውንቲንግና ነርሲንግ ነው፣ ስለዚህ በልምምዱ በኩል ስጋት የለብኝም። አንድ ነገር ግን አለ፤ እህትየው «ወንድሜ እንዴት ነው፣ ይሠራል?» እያለች ትጠይቀኛለች። «ጎበዝ ነው» ብላት ምን ችግር አለው?

መልስ (ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህርት)
ልጄ፣ እሱንም ቢሆን አትበያት። ዛሬ «ጎበዝ ነው» ብለሽ በሚቀጥለው ፈተና ዝም ካልሽ ዝምታሽ ራሱ መልስ ይሆንባታል። «ስለ ትምህርቱ ወላጆቹ ትምህርት ቤት መጥተው ይጠይቁኝ» በያት፤ ረጋ ብለሽ ከነገርሻት አትቀየምሽም። የምታርሚውን ወረቀትም ጠረጴዛ ላይ በትነሽ በር አትክፈቺላቸው። የሌሎቹም ተማሪዎችሽ ስም እዚያ ቤት አይነሳ።

ለምክትሉ የምትጽፊው አይርዘም፤ ይህን ያህል ይበቃል፦ «የ11ኛ ክፍል ተማሪዬ እህት ጎረቤቴ ናት፤ ተማሪው አልፎ አልፎ ወደዚያ ቤት ይመጣል። አስቀድመው እንዲያውቁት ብዬ ነው። ስለ ተማሪው ትምህርት ከቤተሰቡ ጋር የምነጋገረው በትምህርት ቤቱ በኩል ብቻ ነው።» ቀን ጻፊበትና አንድ ኮፒ አስቀሪ።