የዲሲ-3 ሞዴል ክንፍ ከአካሉ ጋር አልገጥም አለኝ

ጠያቂ (ከቱሉ ዲምቱ)፦
ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሲሆን፣ ቅዳሜና እሁድ በረንዳዬ ላይ የፕላስቲክ አውሮፕላን ሞዴሎችን እገጣጥማለሁ። አሁን በእጄ ያለው 1/72 መጠን ያለው ዲሲ-3 ነው፤ የእውነተኛው አውሮፕላን 29 ሜትር ገደማ የሆነው የክንፍ ርዝመት በሞዴሉ ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። የመረጥኩት የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በዚሁ አውሮፕላን ወታደራዊ ዓይነት፣ በሲ-47፣ ስለነበረ ነው።

የአካሉን ግራና ቀኝ አጣብቄ ከደረቀ በኋላ ክንፉን ከሥር ባስገባው፣ ከላይ በሁለቱም ጎን አንዳንድ ሚሊ ሜትር የሚሆን ክፍተት ቀረ። በላስቲክ ጠፍሬ ለመዝጋት ስሞክር የክንፎቹ ጫፎች ወደ ላይ ይነሣሉ፤ ስፈታው ደግሞ ክፍተቱ ይመለሳል። ቤት ውስጥ ከቀለም ሥራ የተረፈ ስቱኮ ስላለኝ በእሱ ልድፈነው ወይስ ሌላ መላ አለ? የቀኙ ክንፍ ጫፍም በመጠኑ ተጣሟል።

መልስ (ከሰበታ)፦
ወንድሜ፣ ስቱኮውን ለጊዜው ያቆዩት። እንደገለጹት ከሆነ ጥፋቱ የክንፉ ሳይሆን ከሚገባው በላይ የጠበበው አካል ነው፤ እሱን ደግሞ ከውስጥ መግፋት እንጂ ከውጭ መድፈን አያሰፋውም። የክንፉ ማስገቢያ ከሥር ክፍት መሆኑ በጅቶዎታል። ክፍሎቹ ተያይዘው ከመጡበት የፕላስቲክ ዘንግ ላይ፣ ከአካሉ የውስጥ ስፋት ሁለት ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ቁራጭ ይቁረጡና ክንፉ በሚያርፍበት ቦታ አግድም ያስገቡት። አስቀድመው ግን የጀርባውን መጋጠሚያ ከውስጥ በቀጭን ፕላስቲክ ይደግፉት፤ እኔ ይህን ሳላደርግ ገፍቼ ጀርባው ከአፍንጫ እስከ ጅራት ተሰንጥቆብኛል። ሙጫ ሳይቀቡ ክንፉን ደጋግመው እየለኩ፣ ዘንጉ ከበዛ በብርጭቆ ወረቀት ጥቂት በጥቂት ያሳጥሩት።

ላስቲኩን ግን ይተዉት። የእውነተኛው ዲሲ-3 ክንፍ በሁለቱ ሞተሮች መካከል ቀጥ ያለ ነው፤ ወደ ላይ መነሣት የሚጀምረው ከሞተሮቹ ወዲያ ስለሆነ፣ ከአካሉ ጥግ ጀምሮ የተነሣ ክንፍ ዓይን ያስቸግራል።

መልስ (ከቡራዩ)፦
በዘንጉ ጉዳይ እስማማለሁ። ስቱኮ የግድግዳ ነገር ነው፤ ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ ልሙጥ ፕላስቲክም ላይ አይዝም። የምትተርፈውን ቀጭን ስንጥቅ በሱፐር ግሉና በሕፃናት ፓውደር ቅልቅል ይሙሏት፤ ነገር ግን ካደረ ከፕላስቲኩ የበለጠ ስለሚጠነክር በዚያው ሰዓት ውስጥ ይፈግፍጉት።

የተጣመመውን ጫፍ ሙቅ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ሰከንዶች ነክረው፣ በጣት አቅንተው፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይክተቱት። ሞዴሉ የተሠራበት ፕላስቲክ፣ ፖሊስታይሪን፣ በደንብ የሚለሰልሰው በ100 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ገደማ ነው፤ ሆኖም ቀጭን ጠርዝ ከዚያ በታችም ስለሚታዘዝ፣ ውሃው ከምድጃ ወርዶ ትንሽ ይረፍ።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ጀርባውን በእርጎ ኩባያ ቁራጭ ደግፌ ዘንጉን አስገባሁ፤ ሁለት ጊዜ ማሳጠር ነበረብኝ። በግራ በኩል አሁን ወረቀት እንኳ አይገባም፣ በቀኝ ግን ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ቀርታለች። ፓውደሩን ከጎረቤት ለምኛለሁ።