«ታደሰ»፣ «ተለወጠ»፣ «ተገጣጠመ»፦ በአሮጌ ጠመንጃ ሰደፍ ላይ ያለው ማኅተም የቱን ይነግረናል?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የቋንቋ ወዳጆች፣ እዚህ ጅማ ቤተሰባችን «ምንሽር» የሚለው ከአያት የወረደ ጠመንጃ አለ። በሰደፉ ቀኝ ገጽ ላይ ክብ ማኅተም ተመትቶበታል፤ በውስጡ ዘውድ፣ «ቴርኒ» የሚል ጽሑፍና 1889 የሚል ቁጥር ይነበባል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «የታደሰ ነው»፣ ሌላው «የተለወጠ ነው» ይላሉ፤ ሁሉም ግን የዐድዋ ምርኮ መሆኑን ይስማሙበታል። ሁለቱ ቃላት አንድ ናቸውን? ቁጥሩስ የጠመንጃው ዕድሜ ነውን?

መልስ፦ በመጀመሪያ ስሙን እንመልከት። «ውጅግራ» ፉዚ ግራ ከተባለው የፈረንሳይ የ1874 ጠመንጃ (የጠመንጃዎቹን ዓመት የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)፣ «ለበን» ከለበል፣ «ስናድር» ከእንግሊዙ ስናይደር እንደመጡ ሁሉ «ምንሽር»ም የመጣው ከኦስትሪያው ማንሊከር ነው። በፉከራና በቀረርቶ ግን ከአንድ ዓይነት አልፎ ለጠመንጃ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ይሰማል። ስለዚህ ቤተሰብ የሚጠራበት ስም ክብሩን እንጂ ዓይነቱን አያረጋግጥም። ቴርኒ የጣሊያን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የነበረባት ከተማ ስለሆነች የእርስዎ ጠመንጃ ማንሊከር ሳይሆን የጣሊያን ቬተርሊ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለቱ ቃላት አንድ አይደሉም፤ ሦስተኛም መጨመር ይገባል። «ታደሰ» የሚባለው ያረጀው ክፍል ተጠግኖ ወይም በአዲስ ተተክቶ ጠመንጃው በነበረበት ዓይነት ሲቀጥል ነው፤ የሶቪየት የጥገና ፋብሪካዎች በሰደፍ ላይ ይመቱት የነበረው፣ ሰያፍ መስመር ያለበት አራት ማዕዘን የዚህ ምልክት ነው። «ተለወጠ» ሲባል ግን ዓይነቱ ራሱ ሌላ ሆኗል ማለት ነው። ቬተርሊ በ1870 ሲወጣ በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ የአፈሙዙም ስፋት 10.35 ሚሊ ሜትር ነበር፤ በ1887 አራት ጥይት የሚይዝ ሳጥን ተገጠመለት፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ በብዙዎቹ አፈሙዝ ውስጥ ጠባብ ቱቦ ገብቶ የ6.5 ሚሊ ሜትር ጥይት እንዲተኩሱ ተደረገ። «ተገጣጠመ» የምለው የአንዱ ሰደፍ ለሌላው ብረት ሲውል ነው፤ በሰደፉና በብረቱ ላይ ያሉት ተራ ቁጥሮች ካልተስማሙ መጠርጠር ያለበት ይህ ነው።

ከዚህ የምንረዳው የሰደፍ ማኅተም በቀጥታ የሚመሰክረው ስለ እንጨቱ መሆኑን ነው። ብረቱ የራሱ ዓመት አለው፤ በቬተርሊ የሚፈለገው ከቃታው ፊት ለፊት፣ አፈሙዙ ማዕዘን ካለው ወፍራም ክፍል ላይ ነው። እንጨት ሲታደስ ስለሚፋቅም የማኅተሙ ጠርዝ ይሳሳል። የሰደፉ ገጽ ልሙጥ ሆኖ ዘውዱ በግማሽ የጠፋ ከሆነ ፋቂው ከማኅተሙ በኋላ የመጣ ነው፤ ገጹ ተቧጭሮና ጠቁሮ ሳለ ማኅተሙ ብቻ ስል ሆኖ ከታየ ግን ዘግይቶ የተመታ መሆኑን እጠረጥራለሁ።

አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ፦ 1889 የተጻፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። እንደ እኛ ዓመተ ምሕረት የሚያነበው ሰው ከዐድዋ (1888 ዓ.ም.) አንድ ዓመት በኋላ የተሠራ ይመስለዋል፤ በእኛ ግን 1881 ወይም 1882 ዓ.ም. ስለሆነ ከጦርነቱ በፊት ነው።

ጥያቄ፦ እጅግ አመሰግናለሁ። ከቃታው በታች እንጨቱ ተቆርጦ ሳጥን ገብቶበታል። እንግዲህ የዐድዋ ነው ልበል?

መልስ፦ ሳጥኑ «የተለወጠ ነው» ያሉትን ሽማግሌ ይደግፋል፤ ስለ ዐድዋ ግን ገና አይበሉ። ጥይት አለመኖሩን አረጋግጠው የአፈሙዙን ቀዳዳ በሚሊ ሜትር ይለኩ። ወደ አሥር ከተጠጋ የቤተሰብዎ ታሪክ ሊሆን የሚችል ነው። ስድስት ተኩል ከሆነ ግን ለውጡ ከዐድዋ ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ዘግይቶ የተደረገ ስለሆነ፣ ጅማ የአንድ ሰፊ ግዛት ዋና ከተማ ሆና በጣሊያን ትተዳደር የነበረበትን የወረራውን ዘመን በቅድሚያ መመርመር ይገባል።