የውሻዬ እግር ውስጥ ያለው ብረት እስኪወጣ ምን ላድርግ?

እባካችሁ፣ ይህ ነገር የደረሰበት ሰው ካለ ይምከረኝ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ውሻዬ ቡቺ የጉልበቷ ጅማት ተበጥሶ ኦፕራሲዮን ሆነች፤ አጥንቷ ተቆርጦ በብረትና በብሎን ታሰረ። በ5ኛው ሳምንት ከስፌቱ ጎን የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ተከፍታ መግል ማንጠባጠብ ጀመረች። ሴፋሌክሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ምንም አልፈየደላትም። የመግሉ ምርመራ ሜቲሲሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ የተላመደ፣ ስታፊሎኮከስ የሚባል ጀርም ነው አለ። ለእሷ የቀሩት መድኃኒቶች ክሎራምፌኒኮልና አሚካሲን ብቻ ናቸው።

አሁን ክሎራምፌኒኮሉን በየ8 ሰዓቱ በጓንት እየሰጠኋት ነው፤ ለሰው መቅኔ አደገኛ ነው። እሷ ግን ምግብ ትታለች፣ የኋላ እግሮቿም እየከዷት ነው። ሐኪሟ ጀርሙ ብረቱ ላይ ስለሚጣበቅ አጥንቱ ሲገጥም ብረቱ ይወጣል ብሏል። እስከዚያ ውሾቻችሁን በምን አቆያችኋቸው? አሚካሲን ኩላሊት ሊጎዳ ስለሚችል፣ ወደ እሱ የቀየራችሁስ ኩላሊታቸውን በየስንት ቀኑ አስመረመራችሁ? ማታ አጠገቤ ተኝታ ስታቃስት አንጀቴን ትበላዋለች።