የክረምቱን ዕረፍት የዱር አውራሪስ በማየትና በጥናቱ በማገዝ ማሳለፍ ይቻላል?

መምህር ከአዳማ

ጤና ይስጥልኝ። በአዳማ ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ሕይወት አስተምራለሁ። ስለ አውራሪስ ባስተማርኩ ቁጥር ተማሪዎቼ «እርስዎ አይተው ያውቃሉ?» ብለው ይጠይቁኛል፤ እኔም አላየሁም እላለሁ። ጥቁሩ አውራሪስ ቀድሞ በእኛም ቆላ ይኖር ነበር፤ ዛሬ የቀረልን ግን ከቀንዱ የተሠራው ዋንጫና የጎራዴ እጀታ ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ ባሉት ሦስት ሳምንታት፣ ወደ ኬንያ ለመጓዝ አስቤአለሁ። ፎቶ ብቻ አንስቼ መመለስ አልፈልግም፤ የሚቻል ከሆነ በጥናት ሥራው ላይ ጥቂት ቀን ማገዝ እሻለሁ። ወቅቱ ይስማማል? የትኛው ስፍራ ይመረጣል? ተመራማሪ ያልሆነ ሰውስ በእርግጥ የሚጠቅም ነገር ሊሠራ ይችላል? ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

የናንዩኪ መንገደኛ

የተከበሩ መምህር፣ በወቅቱ በኩል ዕድለኛ ነዎት። በማዕከላዊ ኬንያ ባለው የላይኪፒያ አምባ ረጅሙ ዝናብ የሚጥለው ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ግንቦት ስለሆነ፣ የእኛ ክረምት በዚያ ከሞላ ጎደል ደረቅ ወቅት ነው። ሣሩ ሲደርቅና ቁጥቋጦው ሲሳሳ አውራሪሱ ወደ ውኃ መቅረብ ስለሚገደድ ለዓይን ይቀላል። ይሁን እንጂ ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ስላለው፣ የምድር ወገብ ላይ እኮ ነው ብለው ጋቢዎን ቤት ትተው እንዳይሄዱ፤ ማለዳ በክፍት መኪና ሲወጡ ይፈልጉታል።

ብዙ የአገራችን ሰው በአውሮፕላን ናይሮቢ ይገባና ከዚያ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ይመለሳል። ሦስት ሳምንት ላለው ሰው ግን የየብሱ መንገድ አይከፋም፤ ከሞያሌ በማርሳቢት በኩል እስከ ኢሲዮሎ 500 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ነው፤ ከኢሲዮሎ ደግሞ በኬንያ ተራራ ግርጌ አልፎ የላይኪፒያዋ ከተማ ናንዩኪ ለመድረስ ብዙ አይቀርም። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድዎን ከፓስፖርትዎ ጋር ይያዙ። አገራችን የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ስላልሆነች ኬንያውያን የሚከፍሉትን የመግቢያ ዋጋ እንዳይጠብቁ፤ ሂሳብዎን በውጭ አገር ጎብኚ ዋጋ ይሥሩ።

ስፍራውን በሚመለከት እኔ ኦል ፔጄታ የተባለውን የዱር እንስሳት መጠበቂያ እመርጣለሁ። ከናንዩኪ ቅርብ ነው፤ ከ100 በላይ ጥቁር አውራሪሶች ይኖሩበታል፤ ነጭ አውራሪሶችም አሉ። ከሰሜናዊው ነጭ አውራሪስ ንዑስ ዝርያ በዓለም ላይ የቀሩት ሁለት ሴቶች፣ እናትና ልጅ የሆኑት ናጂንና ፋቱ፣ የሚጠበቁትም እዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ከቼክ ሪፐብሊክ መካነ እንስሳት ከመጡት አራት አንዱ የነበረው ሱዳን፣ የንዑስ ዝርያው የመጨረሻ ወንድ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 19 ቀን 2018 በ45 ዓመቱ ሞቷል። ለማየት ብቻ ቢሆን የናኩሩ ሐይቅ ፓርክም ይበቃዎት ነበር።

አሁን ዋናው ጥያቄዎ ላይ ልምጣ። በኬንያ የዱር እንስሳት ጥናት የመንግሥት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ማንም ግለሰብ በራሱ ተነሥቶ ፋንድያ ሊሰበስብ ወይም ዱካ ሊከተል አይችልም። ማገዝ ማለት ፈቃድ አግኝቶ በመካሄድ ላይ ባለ ሥራ ውስጥ ረዳት መሆን ነው። ሥራው አሰልቺ መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል፦ በተመደበ መንገድ ላይ በዝግታ እየነዱ ያዩትን እንስሳ ሁሉ መቁጠር፣ እንስሳ ሲያልፍ በራሱ የሚያነሣው ካሜራ የሰበሰባቸውን በሺህ የሚቆጠሩ ፎቶዎች መለየት፣ በተለካ መሬት ላይ የተበላ ቁጥቋጦ መመዝገብ። ይህ የመጨረሻው እኔን ከሁሉ ይበልጥ ያስደስተኛል። ጥቁር አውራሪስ ቅርንጫፉን በመንጋጋው ሲቆርጠው በመቀስ በሰያፍ እንደተቆረጠ ሆኖ ይቀራል፤ ዝሆን ግን ሰብሮና ልጦ ስለሚጥለው ጫፉ ይቀነጣጠባል። ይህን ለመለየት ግማሽ ቀን ይበቃል። ከእያንዳንዱ ቁጥቋጦ የሚገኘው ቁጥርም መሬቱ ስንት አውራሪስ እንደሚችል ለመገመት ያገለግላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በመጀመሪያው ጉዞዬ ስሙን ለማልጠቅሰው አገናኝ «በአውራሪስ ጥናት በጎ ፈቃደኝነት» ተብሎ ከፍዬ ሁለት ሳምንት አጥር ቀለም ስቀባ ቆየሁ። ያየሁት አውራሪስ ሦስት ነው፤ የመዘገብኩት አንድም የለም። ስለዚህ ገንዘብ ከመላክዎ በፊት የሚሞላውን ቅጽ እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ፤ መረጃውን ማን እንደሚቀበልና ምን እንደሚሠራበትም በጽሑፍ ይመልሱልዎት። ቅጽ የሌለው ጥናት ጥናት አይደለም።

ከዊንድሆክ

ወንድሜ የጻፉት ትክክል ነው። ሆኖም መምህር «የዱር» ስላሉ አንድ ነገር ማንሣት እወዳለሁ። በኬንያ የጥቁር አውራሪስ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1970 ከነበረበት 20,000 ያህል በ1980ዎቹ መጨረሻ ከ400 በታች ስለወረደ፣ የተረፉትን በአጥርና በታጠቀ ጠባቂ ከመሰብሰብ በቀር አማራጭ አልነበረም። እዚህ ናሚቢያ ግን በኩኔኔ ክልል ጥቁር አውራሪሶች አጥር በሌለው ደረቅ ምድር፣ ከብሔራዊ ፓርክ ውጭ፣ አርብቶ አደሩ በሚኖርበት መሬት ላይ ይንቀሳቀሳሉ። ሴቭ ዘ ራይኖ ትረስት የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ በእግር ዱካቸውን እየተከታተለ ይመዘግባቸዋል፤ ጎብኚም በፓልምዋግ አካባቢ ከዱካ አንባቢዎቹ ጋር አብሮ መውጣት ይችላል።

እግረኛ ስለሆኑ ነፋሱን ሁልጊዜ ይፈትሻሉ፤ ምክንያቱም የአውራሪስ ዓይን ደካማ ቢሆንም አፍንጫውና ጆሮው አይሸወዱም። ካዩትም በኋላ ከሩቅ ቆመው ይመዘግቡና ሳይነቃ ይመለሳሉ፤ በዚያ ሙቀት ደንግጦ የሮጠ እንስሳ ያጣውን ውኃ ለመተካት ብዙ መንገድ መሄድ አለበትና። እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔ ከኬንያው ይልቅ ይህኛውን እወዳለሁ። ነገር ግን ሩቅና ውድ ስለሆነ ለመምህር ኪስ አልመክረውም፤ ለአሁኑ ላይኪፒያ ይሻልዎታል።

መምህር ከአዳማ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እንግዲህ በሞያሌ በኩል ወደ ናንዩኪ ለመሄድ ወስኛለሁ፤ ቅጹን ጠይቄ እስካየሁ ድረስም አልከፍልም። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል። ሁሉም ግራጫ፣ ሁሉም ባለ ሁለት ቀንድ ከሆኑ አንዱን ከሌላው እንዴት ይለዩታል? ከወዲሁ የምለማመደው ነገር ይኖራል?

የእንስሳት ሐኪም

መምህር፣ በመጀመሪያ ሁለቱን ዝርያዎች ይለዩ። ስማቸው ነጭና ጥቁር ቢሆንም ቀለማቸው አንድ ነው፤ የሚለየው አፋቸው ነው። ነጩ ሣር ስለሚግጥ ከንፈሩ ሰፊና ቀጥ ያለ ነው፤ ጥቁሩ ቅጠልና ቅርንጫፍ ስለሚበላ የላይኛው ከንፈሩ ሾጠጥ ብሎ እንደ ጣት ይይዛል። ፋንድያቸውም ይህንኑ ይመሰክራል፦ የነጩ ደቃቅ ሣር ሲሆን በጥቁሩ ውስጥ በሰያፍ የተቆረጡ እንጨቶች ይገኛሉ። እናትና ግልገል ሲሮጡ ካዩ ደግሞ የነጭ ግልገል ብዙውን ጊዜ ከፊት፣ የጥቁር ግልገል ከኋላ ነው።

ግለሰቡን ለመለየት ግን መጀመሪያ የሚታየው ጆሮ ነው። ሐኪሞች እንስሳውን በማደንዘዣ አስተኝተው የጆሮውን ጠርዝ በተወሰነ ቦታ ላይ ይቆርጡታል፤ እያንዳንዱ ቦታ የራሱ ቁጥር ስላለው፣ የሁለቱ ጆሮዎች ቁርጦች ሲደመሩ የእንስሳው መለያ ቁጥር ይገኛል። ምልክት ያልተደረገበት ሲያጋጥም ወደ ቀንዱ ቅርጽ፣ ወደ ጅራቱ፣ ወደ ጠባሳውና ወደ ተፈጥሮአዊ የጆሮ ቅድ ይሄዳሉ። ከባዱ ነገር ጊዜ ማጠሩ ነው፤ በጀርባው ላይ ያለችው ወፍ ጮኻ ካስነቃችው ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ይሰወራል። በስዋሂሊ ይህችን ወፍ «የአውራሪስ ዘበኛ» የሚሏት በከንቱ አይደለም።

ልምምዱን ግን ከአዳማ ሳይወጡ ይጀምሩት። በገበያ ቀን ወደ ከብት ተራ ይሂዱና ከ50 ሜትር ርቀት ላይ ቆመው፣ ለእያንዳንዱ በሬ አንድ ደቂቃ ብቻ ሰጥተው፣ የአሥር በሬዎችን ቀንድ፣ ጆሮና ጠባሳ በወረቀት ላይ ይሣሉ። ከዚያም አንዱን ተማሪዎን ሥዕሎቹን አስይዘው ይላኩትና በሬዎቹን ለይቶ ያውጣ። ሰባቱን ካገኘ ሥዕልዎ ደኅና ነው፤ ሦስቱን ብቻ ካገኘ የጆሮውን ጠርዝ ይበልጥ ልብ ብለው ማየት አለብዎት። ወደ ኬንያ ሲሄዱ ደግሞ የስልክዎን የቦታ መጠቆሚያ ካሜራው ላይ ያጥፉት፤ ያነሡት ፎቶ የተነሣበትን ቦታ ይዞ ከወጣ አዳኝም ሊያነበው ይችላል።